በዶከር ኮንቴይነር ውስጥ ያለ ቀላል የሊኑክስ ዴስክቶፕ፦ ኮንቴይነሩ ይቆማል፣ ክሮሚየምም ይዘጋብኛል

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። 2 ጊጋባይት ራም ባለው የኪራይ ሰርቨር ላይ፣ በዴቢያን 12 (የሊኑክስ ዓይነት) ኢሜጅ ማለትም የመነሻ ቅጂ ላይ የተመሠረተ የዶከር ኮንቴይነር (ፕሮግራሞች ከሰርቨሩ ተለይተው የሚሠሩበት ክፍል) ሠርቼ፣ ኤክስኤፍሲኢን (ቀላል የዴስክቶፕ ገጽታ) እና ታይገርቪኤንሲን (ዴስክቶፑን ከርቀት የሚያሳይ ፕሮግራም) ጭኜበታለሁ፤ ዓላማዬ ከቢሮም ከቤትም ስገባ ዴስክቶፑን እንደተውኩት ማግኘት ነው። ሆኖም ኮንቴይነሩ በተነሣ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ይቆማል፤ ሎጉ ላይ ስህተት የሚባል ነገር የለም። በተርሚናል ገብቼ በእጄ ሳስነሣው ደግሞ ዴስክቶፑ ቢከፈትም፣ ያለ ሳንድቦክስ (ገጾችን ከቀረው ሲስተም ነጥሎ የሚይዝ መከላከያ) የማስነሣው የክሮሚየም ብራውዘር ከባድ ገጽ ሲገጥመው ታቡ ይሞታል። ራሙ አንሶ እንደሆነ ብመለከትም ግማሽ ያህሉ ነፃ ነው።

ምላሽ 1

ኮንቴይነር የሚቆየው በውስጡ መጀመሪያ የተነሣው ፕሮሰስ (በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም) እስካለ ድረስ ብቻ ነው። የቪኤንሲው ማስነሻ ስክሪፕት ሰርቨሩን ከበስተጀርባ ለቅቆ ራሱ ይወጣል፤ ዶከርም ሥራው በሰላም እንዳለቀ ቆጥሮ ኮንቴይነሩን ይዘጋዋል። ስክሪፕቱ ከፊት እንዲቆይ የሚያደርገውን የኤፍጂ (-fg) አማራጭ ይጨምሩበት።

የታቡ ጉዳይ ከራሙ ጋር አይገናኝም። ዶከር ሌላ ካልተነገረው በቀር ለኮንቴይነር የሚሰጠው የጋራ ሜሞሪ 64 ሜጋባይት ሲሆን፣ የክሮሚየም ፕሮሰሶች ገጹን የሚቀባበሉት በዚሁ በኩል ስለሆነ ቶሎ ይሞላል። ገጹ በሚከፈትበት ጊዜ የቦታ አጠቃቀምን የሚያሳየውን የዲኤፍ (df) ትእዛዝ ደጋግመው ቢሰጡ፣ የጋራ ሜሞሪው የሚታይበት የዴቭ ኤስኤችኤም (/dev/shm) መስመር ወደ 100 በመቶ ሲወጣ በዓይንዎ ያዩታል። ኮንቴይነሩን እንደገና ሲፈጥሩት መጠኑን ወደ 512 ሜጋባይት ያሳድጉት፤ ይህ ጣሪያ እንጂ አስቀድሞ የሚያዝ ራም አይደለም።

ምላሽ 2

ከላይ የተባለው ትክክል ነው፤ እኔን ያሳሰበኝ ግን ቪኤንሲው ከውጭ ግንኙነት የሚቀበልበት ወደብ (ፖርት) ነው። በዶከር የሚከፈት ወደብ የሰርቨሩን ፋየርዎል የዩኤፍደብሊውን ክልከላ አልፎ ይወጣል። እኔ ራሴ የቪኤንሲውን ወደብ 5901ን ዘግቼዋለሁ ብዬ ተኝቼ፣ በማግስቱ ሎጉን ስከፍት ከማላውቃቸው አድራሻዎች የመጡ ሙከራዎች ሞልተውት አግኝቻለሁ። የተለመደው የቪኤንሲ የይለፍ ቃል ከ8 ፊደል በላይ ያለውን ከቁጥር አያስገባም፤ ሳንድቦክሱን ካጠፉ ደግሞ ጥንቃቄው እጥፍ ሊሆን ይገባል። ወደቡን በ127.0.0.1 (የሰርቨሩ የራሱ የውስጥ አድራሻ) ላይ ብቻ ይክፈቱትና በኤስኤስኤች ታነል ማለትም በተመሰጠረ መስመር ይግቡ።

ጠያቂው

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ፤ ሦስቱም ሠርተዋል። የሆም ማውጫውን በቮልዩም (ከኮንቴይነሩ ውጭ የሚቆይ ማከማቻ) ስላልያዝኩት ግን እንደገና ለመፍጠር ኮንቴይነሩን ስሰርዘው ያስቀመጥኳቸው ገጾች ሁሉ አብረው ሄዱ፤ ጥፋቱ የራሴ ነው። አሁን የቀረኝ የአማርኛ ጽሑፍ በባዶ ሳጥኖች መታየቱ ነው።

ምላሽ 1

የዴቢያን ኢሜጅ የግዕዝ ፊደል ይዞ አይመጣም። የአቢሲኒካ ሲልን ፎንት ፓኬጅ ኢሜጁ በሚገነባበት የመመሪያ ፋይል በዶከርፋይሉ ውስጥ ይጨምሩት፤ በእጅ ከጫኑት በሚቀጥለው ግንባታ ሳጥኖቹ ይመለሳሉ።