መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ፕሪንተሬ “ኦፍላይን” ይላል

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከደሴ፣ ሆጤ አካባቢ ነው። እህቴ ሐይቅ ከተማ ታስተምራለች። የፈተና ወረቀት ቤት እንድታትም ብለን ማተም፣ ኮፒና ስካን አንድ ላይ የሚሰራ የዋይፋይ ፕሪንተር ገዛን። ቀለሙ በጠርሙስ የሚሞላ ነው። የካርትሪጅ ዋጋ አይቀመስም፤ በምርጫችን ደስተኞች ነን።

መጀመሪያ ከዋይፋይ ጋር አልገናኝ ብሎ ነበር። ፕሪንተሩ የሚቀበለው 2.4 ጊጋኸርዝ የሚባለውን የዋይፋይ ሞገድ ብቻ ነው፤ ራውተሩ ደግሞ 2.4ቱንና 5ቱን በአንድ ስም ነበር የሚያሰራጨው። ለየብቻ ስም ስሰጣቸው ወዲያው ገባ።

አሁን ያስቸገረኝ መብራት ሄዶ ሲመጣ ነው። የፕሪንተሩ የዋይፋይ ምልክት በርቶ፣ ስልኬም እያገኘው፣ ላፕቶፑ ግን “ኦፍላይን” ይላል። የኔትወርክ መረጃ ገጹን ሳትም 192.168.1.5 የነበረው አይፒ አድራሻ (ራውተሩ ለእያንዳንዱ ዕቃ የሚሰጠው ቁጥር) 192.168.1.9 ሆኗል። ላፕቶፑ አሁንም በድሮው ቁጥር ነው የሚፈልገው። ከዝርዝሩ ሰርዤ እንደገና ሳስገባው ይሰራል፤ መብራት እስኪሄድ ድረስ። ድራይቨሩንም (ላፕቶፑ ፕሪንተሩን የሚያዝበትን ሶፍትዌር) በአዲስ ጫንኩት፣ ለውጥ የለም። በዩኤስቢ ገመድ ያለችግር ያትማል፣ ግን እህቴ የምትሰራው ሌላ ክፍል ነው።

ራውተሩ ላይ ለአንድ ዕቃ አድራሻ መያዣ ቦታ አለ። ፕሪንተሩም ላይ ቁጥሩን በእጅ መሙላት ይቻላል። ራውተሩ የሚያድለው ከ192.168.1.2 እስከ 192.168.1.254 ስለሆነ፣ በእጅ ብሞላው ያንኑ ቁጥር ለሌላ ስልክ እንዳይሰጠው ሰጋሁ። ታዲያ ቁጥሩን የትኛው ላይ ልቆልፈው፣ ራውተሩ ላይ ወይስ ፕሪንተሩ ላይ?