ጅራቱ ሲነሳ አፍንጫው ለምን ወደ ግራ ይሸሻል?

ባለተሳቢው፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ዳላስ ነኝ። ቀን ትራክ እነዳለሁ፣ የተረፈችኝን ብር አየር ላይ እጨርሳለሁ። ሴስና 172 የሚባለው ትንሽ አውሮፕላን ላይ 140 የበረራ ሰዓት አለኝ። የኋላ ጎማ ፊርማ (ሦስተኛ ጎማው ጅራቱ ሥር የሆነ አውሮፕላን ለማብረር አስተማሪ የሚፈርመው ፈቃድ) ለማግኘት ሲታብሪያ የሚባል እንዲህ ያለ አውሮፕላን ጀምሬ ቅዳሜ ሦስተኛ ትምህርቴ ነበር። ነፋስ የሚባል የለም። ስሮትሉን (የሞተሩን ጉልበት መቆጣጠሪያ) ሰጠሁት፣ ቀጥ ብሎ ሄደ። “ያስፈራሩኝ በዚህ ነው?” ብዬ ጅራቱ እንዲነሳ ስቲኩን (የእጅ መሪውን) ወደፊት ገፋ አደረግኩት። ጅራቱ ብድግ፣ አፍንጫው ወደ ግራ እብስ! ቀኙን የእግር መሪ ፔዳል ረገጥኩ፣ አልፎ ወደ ቀኝ ሄደ። ግራውን ረገጥኩ፣ ጭራሽ ባሰበት። የመንደርደሪያው ዳር መብራት በክንፉ ሥር ሲያልፍ አየሁ። አስተማሪዬ ከኋላ ነጥቆኝ ሳር ላይ ቆምን። ምንም አልተሰበረም፤ ጉልበቴ ግን እስከ ማታ ይንቀጠቀጥ ነበር። እግሬ ነው የዘገየው?

ስስ ጫማ፦
እንኳን ደህና መጣህ ወደ ሳር አጫጆች ማኅበር 😄 ምን ጫማ አድርገህ ነበር? እኔ በወፍራም ስኒከር ፔዳሉ የት እንዳለ እንኳ አይታወቀኝም ነበር።

ሽማግሌው፦
ልጄ፣ እግርህም ዘግይቷል፣ ግን መጀመሪያ ያጠፋው እጅህ ነው። የብስክሌት ጎማ አሽከርክረህ፣ ዘንጉን በሁለት እጅህ ይዘህ ዘንበል ለማድረግ ሞክር። ወደፈለግከው አይሄድም፣ ወደ ጎን ይጠመዘዝብሃል። ፕሮፔለርም ያው ነው። ጅራቱን ስታነሳ ወደፊት እየደፋኸው ነው፤ ፕሮፔለሩ ከወንበርህ ሲታይ ወደ ቀኝ ስለሚዞር ምላሹ አፍንጫውን ወደ ግራ ይወስደዋል። በቸኮልክ ቁጥር ይብሳል። ስለዚህ ጅራቱን ቀስ አድርገህ አንሳ፣ ቀኝ እግርህም አብሮ ይጫን።

172 ላይ ያላየኸው ወደህ አይደለም። እሱ ሦስተኛ ጎማው አፍንጫው ሥር ነው፣ ክብደቱም ከሁለቱ ዋና ጎማዎች ፊት ነው፤ ቢጣመም ራሱ ይቃናል። ሲታብሪያ ላይ ከኋላ ነው። ተሳቢ ወደ ኋላ ስታስገባ ትንሽ ከተጣመመ መጣመሙ እየባሰ ይሄድ የለ? በቃ እሱ ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው መወዛወዝ የአውሮፕላኑ አልነበረም፣ ያንተ እግር ነው። ረግጠህ አትቆይ፤ ነካ አድርገህ ልቀቅ። መሃል ላይ ከደነገጥክና ስሮትሉን በአንዴ ከዘጋኸው ደግሞ ቀኝ እግርህ እንደተጫነ ስለሚቀር ወደ ቀኝ ይወረውርሃል። ሌላው፣ ከመነሳትህ በፊት ጥቂት ሜትር ወደፊት ተንከባለል፣ የኋላዋ ጎማ ቀጥ ትበል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1946 እ.ኤ.አ. የጀመረባቸው ሲ-47 አውሮፕላኖችም ጅራታቸው መሬት ላይ ነበር። እነሱ ግን የኋላ ጎማ መቆለፊያ ነበራቸው፣ አንተ የለህም።

ሎንዶን ማዶ፦
ጋሼ ልክ ናቸው፣ ግን “ወደ ግራ” የሚለውን በቃል እንዳትይዘው። እኔ የተማርኩት ቺፕመንክ የሚባል የማሰልጠኛ አውሮፕላን ላይ ነው። የሱ ሞተር በተቃራኒው ስለሚዞር የሚሸሸው ወደ ቀኝ ነው። ከአሜሪካ አውሮፕላን ወደሱ ስዞር ለሁለት ሳምንት እግሬ ዋሸኝ። ዓይንህን ከመንደርደሪያው ጫፍ አታንሳ፤ ቅርብ ካየህ መጣመሙን የምታውቀው ካለፈ በኋላ ነው።

ባለተሳቢው፦
ጋሼ፣ የተሳቢዋ ነገር ገባችኝ። ትናንት ሰባቴ ተነሳሁ። አስተማሪዬ ከኋላ “ቀስ... ቀስ... እግር!” እያለ። አምስተኛው ላይ ዝም አለ፤ ተኝቶ ይሆን ብዬ ዞሬ ላየው ስል አፍንጫው እንደገና ወደ ግራ ጀመረ። ጫማውንም ቀይሬያለሁ፤ የሚስቴን የቤት ነጠላ ጫማ ሞክሬ አስተማሪዬ ከለከለኝ።