ድሬ ሙቀት ላይ ነጭ አይጥ ማኖር ይቻላል? "ሁለቱም ሴት ናቸው" ተብዬ ነበር

የሳቢያኗ እናት (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። እንዳትስቁብኝ ብቻ። የምንኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። የመጨረሻው ልጄ 10 ዓመቱ ነው። የአጎቱ ልጅ ከአዲስ አበባ ሲመጣ ሁለት ነጭ አይጦች በወፍ ጎጆ ይዞለት መጣ። ዓይናቸው ቀይ ነው። "ሁለቱም ሴት ናቸው፣ አይዋለዱም" ብሎ ምሎ ነው የሰጠው። ዛሬ 18 ቀናቸው ነው።

መጀመሪያ "ከቤቴ ይውጡልኝ!" ብዬ ነበር። አብራን የምትኖረው እናቴማ "ሰው አይጥ ለመግደል መርዝ ይገዛል፣ አንቺ አይጥ ትቀልቢያለሽ?" ብላ ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። እውነቱን ልናገርና አሁን ለምጄያቸዋለሁ። ማታ ልጄ ትከሻ ላይ ተቀምጠው በእጃቸው ፊታቸውን ሲታጠቡ ማየት ደስ ይላል። ልጁም ከትምህርት ቤት ሲመለስ ስልኬን መጠየቅ ትቷል።

ግን ሦስት ነገር አስጨንቆኛል። ቤታችን ቆርቆሮ ነው፣ በግንቦት ከሰዓት በኋላ ምጣድ ነው የሚሆነው። መብራት ሲጠፋ ቬንትሌተሩም ይቆማል። ትናንት አንዷ ሆዷን መሬት ላይ ለጥፋ፣ ጅራቷን ዘርግታ፣ ቶሎ ቶሎ ስትተነፍስ አገኘናት። ሁለተኛው ሽታው ነው፤ በየቀኑ ባጥብም በማግስቱ ይብሳል። ሦስተኛው ደግሞ የአንዷ ሆድ ግራና ቀኝ ወጥቷል። ልጄ "ጠግባ ነው" ይላል። እኔ ሦስት ወልጃለሁ፣ ጥጋብና እርግዝና አይምታታብኝም። ምን ላድርግ?

የለገሃሬ ልጅ

አቦ ምን ነካሽ! ደቻቱ ወንዝ ወስደሽ ልቀቂያቸውና ተገላገይ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባላል፣ አሁን ደግሞ ድሬዳዋ ልትመታ ነው።

ባለ ጥንቸሉ

ተረቱ አስቆኛል፣ ምክሩ ግን አይሆንም። እነዚህ ሰው ቤት ተወልደው ያደጉ ናቸው። ደቻቱ አሸዋ ላይ ነጭ አይጥ ከሩቅ ነው የሚታየው። ከድመት ቢያመልጥ ከጭልፊት አያመልጥም።

እህቴ፣ እኔ ገንደ ቆሬ ሆኜ ለአራት ዓመት አኑሬያቸዋለሁ። ከሁሉም የሚቀድመው ሙቀቱ ነው። አይጥ እንደኛ አያልበውም። ሙቀት የሚያስወጣው በጅራቱና በጆሮው ነው፣ ሲብስበት ፀጉሩን በምራቁ ያረጥባል። ትናንት ያየሽው ጅራት መዘርጋት እሱ ነው። የሚመቻቸው ከ20 እስከ 26 ዲግሪ አካባቢ ነው። 30 ሲያልፍ ይጨነቃሉ። ድሬ በግንቦትና በሰኔ 35ን ስታልፍ ደግሞ እነሱ ሊሞቱ ይችላሉ፣ በተለይ እርጉዟ።

ቬንትሌተር ብዙ አትመኚበት። የማያልበው እንስሳ ላይ ትኩስ አየር መንፋት ነው። ቀጥታ ሲነፋባቸው ደግሞ ያማቸዋል። እኔን የጠቀመኝ ሸክላ ነው። አንገቱ የተሰበረ ጀበና አለሽ? ስለቱን በድንጋይ ፍቀሽ አስተካክይው። ጠዋት ውሃ ውስጥ ዘፍዝፊው፣ አጠንፍፊውና ጎጆው ውስጥ አጋድመሽ አስቀምጪው። ገብተው ይተኛሉ። እንስራ ውሃ የሚያቀዘቅዘው በምንድን ነው? ሸክላው ሲደርቅ ይቀዘቅዛል። የድሬ አየር ደረቅ ስለሆነ ይሠራል፣ መብራትም አይጠይቅም። መብራት ካለ ደግሞ ሃይላንድ ውሃ በረዶ አድርገሽ በፎጣ ጠቅልለሽ ከጎጆው በአንዱ ጎን ብቻ አስጠጊ። ሲበርዳቸው ወደ ሌላው ጎን እንዲሸሹ ነው።

ጎጆውን ከጠረጴዛ ላይ አውርጂው። ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ሙቀቱ ላይ ነው ያለው፣ ሲሚንቶው ወለል ይሻላል። እንደ ትናንቱ ስታለከልክ ካየሻት ለብ ባለ ውሃ ጆሮዋንና ጅራቷን አርጥቢ። በረዶ ውሃ እንዳትነክሪያት፣ ድንጋጤው ራሱ ይገድላታል።

አናጺው

ጋሼ ባለ ጥንቸሉ፣ ወለል ላይ ሲባል ጉንዳኑን ረሱት? ድሬ ውስጥ ጉንዳን የማይገባበት ቤት የለም፣ ግልገል ካገኘ አይምርም። ሳፋ ውስጥ ትንሽ ውሃ፣ መሃሉ ላይ ጡብ፣ ጡቡ ላይ ጎጆው። ጎጆው ውሃውን አይንካ።

ደግሞ የወፍ ጎጆ ለአይጥ አይሆንም። ትንሽ አይጥ ከ1 ሳንቲ ሜትር በጠበበ ቀዳዳ ይሾልካል። ግልገል ከሆነማ ጠዋት ተነስተሽ ሶፋ ሥር ነው የምትፈልጊው። ትልቅ ፕላስቲክ ዕቃ ግዢ። ክዳኑን መሃል ላይ ቁረጪና ቀዳዳው ጠባብ የሆነ የብረት ወንፊት ሽቦ እሰሪበት፣ ጎኑ ላይም እንደዚሁ መስኮት አውጪለት። የፕላስቲክ ወንፊት በአንድ ሌሊት በጥርሳቸው ይጨርሱታል።

ከታች ለማንጠፍ እኛ ዘንድ ሰጋቱራ በነፃ ነው። እዚህ ቅርብ ያለ እንጨት ቤት ሄደሽ በማዳበሪያ ሙይ።

ባለ ጥንቸሉ

ሰጋቱራው ላይ እንኳ አልስማማም። የጥድ ከሆነ ያ ደስ የሚለው ሽታ ነው ሳንባቸውን የሚጎዳው። ቀለም ወይም ኮላ የነካው ኮምፔንሳቶ ደግሞ ይብሳል። ብናኙም ያስነጥሳቸዋል። የተቀደደ ካርቶንና ሶፍት ይሻላል። ሶፍቱን ራሳቸው በጣጥሰው አልጋ ይሠሩበታል፣ ለልጁም ጥሩ ትዕይንት ነው።

አናጺው

ስለ ጥዱ ልክ ነዎት ጋሼ። ሶፍቱ ይሁን።

ከጁገል

ከሐረር ነኝ። እኛ ጋ ቀዝቀዝ ስለሚል የሙቀቱን ጣጣ አላውቀውም፣ የእርግዝናውን ግን አውቀዋለሁ። እኔም እንዳንቺ "ሁለቱም ሴት" ተብዬ 11 ግልገል የታቀፍኩ ነኝ።

እህቴ፣ አንዷ ወንድ ነው። በጅራቱ ሥር ተመልከቺ። በሽንት መውጫውና በፊንጢጣው መሃል ያለው ርቀት በወንዱ ሰፊ ነው፣ በሴቷ ጠባብ። ትልቅ ወንድ ከሆነ ደግሞ መፈለግም አያስፈልግሽም። በሙቀት ጊዜ ፍሬው ወርዶ ይታያል፣ በናንተ አየር ሊደብቀው አይችልም። ሴቷ ሆዷ ላይ ሁለት ረድፍ ጡት አላት።

አሁን ሒሳቡን እይው። አይጥ የምታረግዘው ከ19 እስከ 21 ቀን ነው። 18 ቀን አብረው ከቆዩ ነገ ከነገ ወዲያ ልትወልድ ትችላለች። ስለዚህ ወንዱን ዛሬ ማታ ለይው። ለይው ስልሽ ከልቤ ነው። በወለደች በአንድ ቀን ውስጥ እንደገና ታረግዛለች። እኔ "ይተያዩ፣ ያሳዝናሉ" ብዬ በሦስት ሳምንት ሌላ 9 ተጨመረልኝ።

ስትወልድ ግልገሎቹ እንደ ባቄላ ፍሬ ናቸው፣ ቀይ፣ ፀጉር የሌላቸው። ልጅሽን ያዢልኝ። አንድ ሳምንት ያህል አልጋዋን አትንኩ፣ ቤቷንም አታጽጂ። እናት ከተረበሸች ልጆቿን ልትበላ ትችላለች፣ ያ ደግሞ ለ10 ዓመት ልጅ የሚታይ ነገር አይደለም። ዓይናቸው በሁለት ሳምንት ይገለጣል። በ4 ሳምንታቸው ወንዶቹን ከእናታቸውና ከእህቶቻቸው ለይ። ከዚያ ካለፈ እህት ወንድም አይሉም። ወንዶቹ ሲጎረምሱ ደግሞ እርስ በርስ ይናከሳሉ።

ስለ ሽታው፦ ችግሩ በየቀኑ ማጠብሽ ነው። ወንዱ በሽንቱ ቤቱን ምልክት ያደርጋል፣ አንቺ ስታጥቢው "ሽታዬ ጠፋ" ብሎ እንደገና ይጀምራል። የሚሸኑበትን ጥግ ብቻ በየሁለት ቀኑ ቀይሪ። ሁሉንም በሳምንት አንዴ፣ እሱም ከአሮጌው ሶፍት ጥቂት አስቀርተሽ። በረኪና አታብዢ።

እትዬ ሻይ ቤት

ምን እንደምታበላቸው ማንም አልጠየቃትም እኮ! ለውዝ ነው አይደል? ልጆች እሱን ነው የሚሰጡት። የባቢሌ ለውዝ እኔም እወዳለሁ፣ ለአይጥ ግን በቀን አንድ ፍሬ ይበቃል። ጨው የሌለው ይሁን። የሻገተ ከሆነ ጉበት ይጎዳል፣ ለሰውም ቢሆን። ዋናው ምግብ ማሽላ፣ አጃ፣ ትንሽ ካሮት። ለእርጉዟ የተቀቀለ እንቁላል ቁራጭ ጨምሪላት። አንድ አይጥ በቀን የሚበላው 5 ግራም ቢሞላ ነው። ውሃ በቡና ሲኒ አድርጊ፣ ከበድ ስለሚል አይደፉትም።

እናትሽ የገዛችው መርዝ ቤት ካለ አውጪው። ልጅ አለ፣ እነሱም አሉ። የዱር አይጥ ጎጆው አጠገብ እንዳይመጣም ፍርፋሪ አታሳድሪ፣ በሽታና ቅማል ይዞ ይመጣል። ልጁ ነክቷቸው ሲጨርስ እጁን በሳሙና ይታጠብ። ሲተነፍሱ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ከሰማሽ ሳንባቸው ታሟል ማለት ነው። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለው፣ ጠይቂያቸው።

የሳቢያኗ እናት (ጠያቂ)

እግዜር ይስጥልኝ። ወንዱን አየሁት። እውነትም የሚደበቅ ነገር አይደለም፣ እንዴት እስከ ዛሬ እንዳላየሁት ገረመኝ። ማታውኑ በሌላ ዕቃ ለየሁት። ጀበናው ውስጥ ገብታ ቀኑን ሙሉ ተኛች፣ ማለክለኳ ቀርቷል።

ዛሬ ንጋት ላይ ወለደች። አልነካንም፣ ግን ስትነሳ ልጄ ከሩቅ ቆጠረ፣ 8 ናቸው። እናቴ መርዙን አውጥታ ጣለች። አሁን ለማንም ሳትናገር እንቁላል እየቀቀለች ነው። "ለአራስ ነው" አለችኝ።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። በ4 ሳምንታቸው የሚወስድልኝ ሰው አለ? በነፃ ነው።

የለገሃሬ ልጅ

አቦ ለእህቴ ልጅ ሁለት እወስዳለሁ። ሴት ይሁኑ ግን። ከጁገሏ ካላየችልኝ አልቀበልም።