የእናታችንን የመሬት ደብተር ለብድር እናስይዝ ወይስ እንተው?

የጎዛምን ልጅ፦
ሰላም ለናንተ ይሁን። ታናሽ ወንድሜ መስኖ ሊሞክር ፓምፕ መግዣ ብድር ጠይቆ፣ አበዳሪው በመሬት የመጠቀም መብትን በዋስትና እንደሚይዝ ነገረው። በ2016 የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1324 ይህን እንደሚፈቅድ አውቃለሁ፣ ሕጉንም እደግፋለሁ። የከበደኝ የእናታችን ነገር ነው። አባታችን በ1989ኙ የመሬት ሽግሽግ «ቢሮክራሲ» (የቀድሞው ሥርዓት ሹም) ተብሎ አራት ጥማድ ብቻ ቀርቶለት በዚያችው አሳደገን። አሁን በሕይወት የለም። አረንጓዴው ደብተር ላይ ግን የሁለቱም ፎቶ ጎን ለጎን እንደተለጠፈ ነው፤ እማማ በነጠላ ጠቅልላ ሳጥን ውስጥ ቆልፋበታለች። «አንዴ ወሰዱብን፣ አሁን ደግሞ በገዛ እጄ ልስጣቸው?» ትላለች። ምን ብዬ ላስረዳት?

የመሬት ባለሙያ፣ ፍኖተ ሰላም፦
ወንድሜ፣ እናትህ መስጋታቸው ተገቢ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም፤ ስለዚህ አበዳሪው መሬቱን ሊሸጥባችሁ አይችልም። ዕዳው ካልተከፈለ የሚሄደው በውሉ ለተጻፈው ዘመን የመጠቀም መብቱ ነው። እንግዲህ ዋናው ነገር ያ ዘመን ነው፤ ለአንዲት ፓምፕ ብላችሁ የብዙ ዓመት መብት እንዳትፈርሙ! ደግሞም አባትህ ካረፉ መጀመሪያ ውርሱ ይጣራ፣ ደብተሩ በእናትህና በወራሾች ስም ይታደስ። እናትህ ሳይፈርሙ ምንም ውል አይኑር።

ጤፍ አራሽ፣ ቢቸና፦
ባለሙያው ያሉት እውነት ነው፤ ግን ጤፉን በረዶ ቢያወርደውስ? ገበሬ ዕዳ የሚያቅተው ሰንፎ አይደለም። መንግሥት በመሬት የመጠቀም መብት በዋስትና እንዲያዝ ከፈቀደ የሰብል መድንንም አብሮ ለገበሬው ማድረስ ነበረበት፤ እኔ በዚህ በጣም ነው የምቆጨው። አራጣው እንደሆነ ከዚህ የባሰ ነው፣ እሱን አልክድም። ወንድምህ ቢበደር አልጠላም፣ ሁሉንም ማሳ አንድ ላይ እንዳያስይዝ ግን ለምነው።

የጎዛምን ልጅ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይህን ሳነብላት እማማ ትንሽ ለዘብ አለች። የጓሮውን ማሳ ካልነካችሁ የወንዝ ዳሯን አስይዙ ብላለች። አንዱን ማሳ ብቻ ለይቶ ማስያዝ ይቻላል?

የመሬት ባለሙያ፣ ፍኖተ ሰላም፦
ይቻላል። መሬታችሁ በሁለተኛው ደረጃ ምዝገባ (ማሳ በማሳ በሚለካበት) ተለክቶ ከሆነ እያንዳንዱ ማሳ የራሱ ካርታና መለያ ቁጥር አለው። ውሉ ላይ የወንዝ ዳሩን ቁጥር ብቻ አስጽፉ፣ ከመፈረማችሁም በፊት ለእናትህ ቃል በቃል ይነበብላቸው።