ሬንደር ላይ ኮምፒውተሬ ድርግም ይላል፤ ፓወር ሰፕላይ ስንት ዋት ይበቃኛል?

ሙሽራና_ካሜራ

ሰላም ለሁላችሁም። ከሐዋሳ ነው የምጽፈው። ሥራዬ የሠርግ ቪዲዮ ነው። ራሴ እቀርጻለሁ፣ ራሴ ኤዲት አደርጋለሁ።

ሰባት ዓመት ያገለገለኝን ዴስክቶፕ ባለፈው ወር ውስጡን ቀየርኩት። ከድሮው የቀሩት ኬዙና ፓወር ሰፕላዩ (ከሶኬቱ መብራት ተቀብሎ ለውስጥ ዕቃዎቹ የሚያከፋፍለው ሳጥን) ብቻ ናቸው። አሁን ያለው ራይዘን 7 5700ኤክስ ፕሮሰሰር፣ ባለ 12 ጊጋ አርቲኤክስ 3060 ግራፊክስ ካርድ፣ ሁለት ባለ 16 ጊጋ ራም፣ አንድ ኤንቪኤምኢ (ፈጣን ማከማቻ)፣ ሁለት ባለ 4 ቴራ ትልልቅ ሃርድ ዲስክና አራት ፋን ነው። ፓወር ሰፕላዩ ላይ በትልቁ "500 ዋት" ተጽፏል።

ችግሩ እንዲህ ነው። ስቆርጥ፣ ስቀጥል፣ ሙዚቃ ሳስገባ ምንም አይልም። ቀለም አስተካክዬ ሬንደር፣ ማለትም ያለቀውን ቪዲዮ ኤክስፖርት ስለው ግን ሦስት አራት ደቂቃ ይሄድና ድርግም ይላል። ከዚያ ራሱ ይነሳል። ትናንት ማታ ብቻ ሦስት ጊዜ ጠፋብኝ። የጥር ሠርግ ነው፣ ቅልቅሉና መልሱ ገና አልወጣም፣ የሙሽራዋ እናት በየቀኑ ይደውላሉ። እውነታቸውን ነው።

አንዱ ባለሱቅ "ከ850 በታች እንዳትገዢ" አለኝ። ሌላው "500 ይተርፍሻል፣ ችግሩ ዊንዶውሱ ነው" አለ። የአክስቴ ልጅ ሙቀት ነው ይላል። እኔ ቁጥር እንዲነገረኝ ብቻ አይደለም የምፈልገው፤ እንዴት እንደሚሰላ ማወቅ እፈልጋለሁ። ደግሞ ትልቅ ከገዛሁ የመብራት ሂሳብ ይጨምራል? መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ ባለ 650 ዩፒኤስም አለኝ፣ ይበቃል ወይ?

ፈጣኑ_22

ኤንቪዲያ ራሱ ለ3060 የሚመክረው 550 ዋት ነው። 650 ግዢና ተገላገይ። ሙቀት ነው እንዳይባል ግን ፕሮሰሰሩ ስንት ዲግሪ እንደሚደርስ አይተሻል?

ሙሽራና_ካሜራ

አይቻለሁ። ሲጠፋ ፕሮሰሰሩ 71፣ ካርዱ 66 ዲግሪ ላይ ነበሩ።

የፒያሳው_ጠጋኝ

እህቴ፣ በዚያ ሙቀት አይጠፋም። ዊንዶውስም እንዲህ አያደርግም። ዊንዶውስ ቢሆን ብዙውን ጊዜ ሰማያዊ ስክሪን ያሳይሽ ነበር። ያለምንም ምልክት ድርግም ካለ መጀመሪያ የምጠረጥረው ፓወር ሰፕላዩን ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ኮምፒውተር ስጠግን እንዲህ ያለ ብዙ መጥቶልኛል።

"500 ዋት" የሚለውን ትልቁን ጽሑፍ ለጊዜው ተዪው። ኮምፒውተሩን አጥፊ፣ ገመዱን ከግድግዳው ንቀዪ፣ የጎኑን ክዳን ፍቺ። ፓወር ሰፕላዩ ላይ ትንሽ ሠንጠረዥ ያለበት ተለጣፊ ታያለሽ። 3.3 ቮልት፣ 5 ቮልት፣ 12 ቮልት እያለ ከሥሩ አምፔር ይጽፋል። የ12 ቮልቱን አምፔር ጻፊልኝ።

ሌላም ነገር እይልኝ። 3060 ባለ 8 ፒን ገመድ ይፈልጋል። ያ ገመድ በቀጥታ ከፓወር ሰፕላዩ ነው የሚወጣው ወይስ በመሃል ማጣመሪያ አለው?

ሙሽራና_ካሜራ

ፈታሁት። 3.3 ቮልት 20 አምፔር፣ 5 ቮልት 20 አምፔር፣ 12 ቮልት 18 አምፔር ይላል።

ገመዱ ማጣመሪያ አለው። የገጠመልኝ ልጅ ከሁለት የድሮ ሃርድ ዲስክ ገመድ፣ ከነዚያ ባለ አራት ቀዳዳ ነጭ ፕላስቲኮች፣ አገናኝቶ ነው የሰካው። አሁን ስነቅለው አንደኛው ነጭ ፕላስቲክ ቢጫው ሽቦ የሚገባበት ጋ ቡናማ ሆኗል። ሽታም አለው። ፎቶ አንስቻለሁ።

የፒያሳው_ጠጋኝ

እግዚአብሔር ይመስገን አየሽው። ያንን ማጣመሪያ መልሰሽ አትስኪው። ፓወር ሰፕላዩን እስክትቀይሪ ድረስም ኮምፒውተሩን ለሬንደር አታብሪው። ያ ቡናማ ነገር የጋለ ፒን ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጭስ ነው።

አሁን ሂሳቡን አብረን እንሥራ። ዋት ማለት ቮልት ሲባዛ በአምፔር ነው። የአንቺ 12 ቮልት 18 አምፔር ነው፤ 12 ሲባዛ በ18፣ 216 ዋት። አለቀ። ዛሬ ባሉ ኮምፒውተሮች ፕሮሰሰሩም፣ ግራፊክስ ካርዱም፣ ፋኑም፣ የሃርድ ዲስኩ ሞተርም ከ12 ቮልት ነው የሚበሉት። የ3.3 እና የ5 ቮልቱ አቅም የቱንም ያህል ቢሆን ለነሱ አይደርስም። ስለዚህ ከትልቁ "500" ውስጥ ለሥራሽ የሚሆነው 216 ብቻ ነው፤ እሱም ሰባት ዓመት የሠራ ነው። ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ አጠራቅመው ቮልቱን የሚያረጋጉ ትንንሽ ዕቃዎች) ከዕድሜ ጋር ይደርቃሉ፣ አቅሙም አብሮ ይወርዳል።

አሁን ኮምፒውተርሽ የሚበላውን እንቁጠር።

ፕሮሰሰሩ ካርቶኑ ላይ 65 ዋት ይላል። በሙሉ ጉልበቱ ሲሠራ ግን እስከ 76 እንዲወስድ ነው የተሠራው። ማዘርቦርዱ ቮልቱን ቀንሶ ሲያቀብለው የሚባክን አለ፤ 90 ብለሽ ያዢ። ግራፊክስ ካርዱ 170። ማዘርቦርዱ ራሱ፣ ራሞቹ፣ ኤንቪኤምኢውና በዩኤስቢ የሰካሻቸው ነገሮች አንድ ላይ 50። ሁለቱ ሃርድ ዲስኮች 20። አራቱ ፋን 12። ሲደመር 342 ዋት።

ከዚህ ውስጥ በ12 ቮልት የሚሄደው ፕሮሰሰሩ 90፣ ካርዱ 170፣ ፋኖቹ 12፣ ከሃርድ ዲስኮቹ ደግሞ 12 ገደማ ነው። 284። ያለሽ 216። ስትቆርጪና ስትቀጥዪ ካርዱ ስለሚያርፍ አይታወቅሽም። ኤክስፖርት ስትይ ፕሮሰሰሩና ካርዱ አብረው ይነሳሉ፤ ያኔ ይወድቃል። የገረመኝ ሦስት አራት ደቂቃ መቆየቱ ነው።

ማጣመሪያውም እንዲሁ። ካርዱ እስከ 75 ዋት ከተሰካበት ማዘርቦርድ ሊወስድ ይችላል። የቀረውን 100 ዋት ገደማ በገመድ ነው የሚያመጣው። ይሄ ከ8 አምፔር በላይ ነው። በሁለት አሮጌ፣ በላላ ፒን በኩል ሲያልፍ የሚሆነውን አይተሽዋል። እንዲህ ያለውን ማጣመሪያ ስንት ጊዜ ቆርጬ ጥያለሁ! ካርዱ ራሱ ከመቃጠሉ በፊት ስለደረስሽበት ደስ ብሎኛል።

እንግዲህ ስንት ይግዛ? 342 ቢሆንም ልክ 350 አይገዛም። ግራፊክስ ካርድ ሁልጊዜ 170 ላይ አይቆምም። ለሺህኛ ሰከንዶች ከዚያ በጣም ከፍ ይልና ይመለሳል። ኤቲኤክስ 3.0 የሚባለው የ2022 ደረጃ የወጣውም አንዱ ምክንያት ይሄ ነው፤ ፓወር ሰፕላዩ እንዲህ ያለውን ድንገተኛ ዝላይ ሳይጠፋ እንዲችል ይጠይቃል። ስለዚህ ድምሩን በአንድ ተኩል አባዢው እላለሁ። 342 በ1.5፣ 513 ይመጣል። ጥሩ 550 ይበቃሻል። ካርዱን ወደፊት የምታሳድጊ ከሆነ 650።

"ጥሩ" ስል፣ የ12 ቮልቱ መስመር ብቻውን ወደ ሙሉው ዋት የሚጠጋ ማለቴ ነው። ጥሩ 550 ተለጣፊው ላይ በ12 ቮልት 45 አምፔር አካባቢ ይጽፋል። 650ው 54 አካባቢ። ሱቅ ሄደሽ ካርቶኑን አስከፍቺና እሱን አንብቢ። ባለሱቁ ቢቆጣም አንብቢ። ባለ 8 ፒን የካርድ ገመድ በቀጥታ መውጣቱንም አረጋግጪ።

ዋት_በዋት

የጋሼ ሂሳብ ትክክል ነው። እኔ ሶኬት ላይ የሚሰካ ዋት መለኪያ አለኝ። የኔ አይ5 12400ኤፍ ፕሮሰሰርና አርኤክስ 6600 ካርድ ነው። ዝም ብሎ ሲቀመጥ 55፣ ጌም ላይ 230 ነው የማየው፤ ከ260 አልፎ አያውቅም። ያለኝ ፓወር ሰፕላይ 550 ነው።

የ850ው ነገር ግን፣ 850 ከገዛሽ ሁልጊዜ 850 ዋት ነው የሚጎትተው። ሂሳብ ይቆጥርብሻል።

የፒያሳው_ጠጋኝ

ወንድሜ፣ የመጨረሻዋን ላርማት፤ ብዙ ሰው የሚሳሳትባት ስለሆነች ነው። ፓወር ሰፕላይ የሚስበው ኮምፒውተሩ የጠየቀውን ያህል ብቻ ነው። 850 ማለት እስከዚያ መስጠት ይችላል ማለት ነው። የራስህ መለኪያ ይመሰክራል፤ 550 ይዘህ 55 ነው ያነበብከው።

በመብራት ሂሳቡ ላይ ልዩነት የሚያመጣው ብክነቱ ነው። 80 ፕላስ ብሮንዝ የሚለው ምልክት ይሄንን ነው የሚናገረው። ብሮንዝ በግማሽ ጭነት 85 በመቶ ገደማ ይሰጣል፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ የእህታችን ኮምፒውተር 342 ሲበላ ከግድግዳው የሚስበው 342 ሲካፈል ለ0.85፣ 402 ዋት ነው።

ይሄ ቁጥር ወደ ዩፒኤሱ ያመጣናል። 650 የሚለው ዋት አይደለም እህቴ፤ ቪኤ የሚባል ሌላ መለኪያ ነው። በርካሾቹ ላይ የዋቱ አቅም 60 በመቶ ገደማ ነው፣ ማለትም 390። ኮምፒውተሩ ብቻውን 402፣ ሞኒተሩ ደግሞ 30። ሬንደር ላይ እያለሽ መብራት ከሄደ ዩፒኤሱ አንዴ ጮሆ ይተኛል። ቢያንስ 1000 ቪኤ፣ ከተቻለ ጀርባው ላይ 600 ዋት ብሎ የጻፈ ያዢ። ፒዩር ሳይን ዌቭ (እንደ ግድግዳው መብራት የተስተካከለ ሞገድ የሚሰጥ) ከሆነ የተሻለ ነው፤ አንዳንድ አዳዲስ ፓወር ሰፕላዮች ከርካሽ ዩፒኤስ ሞገድ ጋር አይስማሙም፣ ወደ ባትሪ ሲዞር ይጠፋሉ።

ሲልቨር_ስፕሪንግ

ከአሜሪካ ለምታስመጡ አንድ ነገር ልጨምር፤ እኔን ያየ ይቀጣ። ከዓመታት በፊት ድሬዳዋ ላለው ወንድሜ ያገለገለ ፓወር ሰፕላይ በሻንጣ ላክሁለት። ከጀርባው ትንሽ ቀይ ማብሪያ ነበረችው፤ 115 ላይ ነበረች። እዚህ የምንጠቀመው 120 ቮልት ስለሆነ ልብ አላልኩትም። እሱ 220 ላይ ሰካው። እንደ ርችት ጮኸ። ልጆቹ ክፍሉ ውስጥ ነበሩ። ማንም አልተጎዳም፤ ግን ዛሬም ሳስበው ይጨንቀኛል።

አዳዲሶቹ አብዛኞቹ ያቺ ማብሪያ የላቸውም፣ ራሳቸው ይለያሉ። ተለጣፊው ላይ ግቤቱ "100–240" ካለ ምንም አትሉም። "115" ብቻ ወይም ማብሪያ ያለው ካገኛችሁ ሳትሰኩ እዩት።

ሙሽራና_ካሜራ

እኛ ሰፈር ማታ ማታ መብራቱ ይደክማል። አምፖሉ ይቀላል። 100–240 የሚለው ለዚህም ይሆናል ማለት ነው?

የፒያሳው_ጠጋኝ

ይሆናል። ቮልቱ ወደ 170 ቢወርድ ብዙ አምፔር ስቦ ይካክሰዋል። የማይወደው መብራት ሄዶ ሲመጣ ያለውን ድንገተኛ ምት ነው። መብራት ሲሄድ ከሶኬቱ ንቀዪ፣ ሲመጣ አምስት ደቂቃ ጠብቀሽ ስኪ። ስታብላይዘር ካለሽ ጥሩ ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ስለ ነገርከን እናመሰግናለን። እኔም ሱቄ ውስጥ አንዴ ደርሶብኛል፤ ድምፁን አልረሳውም።

ሙሽራና_ካሜራ

ከአራት ቀን በኋላ ተመልሻለሁ።

ሐዋሳ ሦስት ሱቅ ዞርኩ። ሁለቱ ጋ "650" እና "750" ብለው ያወጡልኝ ተለጣፊያቸው በ12 ቮልት 22 እና 25 አምፔር ነበር። በስልኬ አባዝቼ ለባለሱቁ አሳየሁት፤ 264 እና 300 ዋት። ራሱም ደነገጠ፤ አያውቀውም ነበር። ሦስተኛው ሱቅ ውስጥ 650 ብሮንዝ አገኘሁ። 12 ቮልቱ 54 አምፔር፣ ግቤቱ 100–240፣ የካርዱ ገመድ ሁለት ባለ 8 ፒን በቀጥታ የወጣ። ወሰድኩት። ዩፒኤሱን ለሚቀጥለው ወር አቆየሁት።

ማታ ሁለት ሰዓት ላይ የመልሱን ቪዲዮ ኤክስፖርት አልኩና ወንበር ስቤ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። አራት ደቂቃ አለፈ። አሥር አለፈ። ልቤ ይመታ ነበር። አንድ ሰዓት ከአርባ ወስዶ ጨረሰ። የማጣመሪያው ቦታ ላይ እጄን ይዤ አየሁት፤ አዲሱ ገመድ ለብ እንኳ አላለም። በማግስቱ ፍላሹን ለሙሽራዋ እናት ወስጄ ሰጠኋቸው። ቡና አፍልተው አስቀመጡኝ።

ጋሼ፣ እድሜ ይስጥልኝ። አንድ ነገር ብቻ፤ የድሮውን ፓወር ሰፕላይ ታናሽ ወንድሜ ለጽሕፈት ኮምፒውተሩ ልውሰደው እያለኝ ነው። ግራፊክስ ካርድ የለውም። 216ው ይበቃው ይሆን?

የፒያሳው_ጠጋኝ

በሂሳብ ይበቃዋል። ካርድ የሌለው የጽሕፈት ኮምፒውተር 100 ዋትም አይደርስም። ያኛው ግን ከአቅሙ በላይ አንድ ወር ተጎትቷል፣ ሽታም አለው ብለሻል። ሳይፈተሽ አትስጪው። እንዲህ ያለው ሲሞት ብቻውን ላይሞት ይችላል፤ ማዘርቦርዱንና ሃርድ ዲስኩን ይዞ ይሄዳል።

ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ካገኘሽ ላኪልኝ። ከፍቼ ካፓሲተሮቹን አያለሁ። ያበጠ ካለ እቀይረዋለሁ፣ የማይሆን ከሆነም እነግርሻለሁ። እስከዚያ ወንድምሽ በላፕቶፕ ይሥራ።