ክርክር፦ ኃይሉ መርጊያን ረሳነው ወይስ ድሮም አላወቅነውም?

አስጀማሪ፦ የዚህ ሳምንት መከራከሪያችን ይሄ ነው። የዋሊያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ እ.አ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ሆኖ «ሸሞንሟናዬ» ያለበትን ካሴት ሠራ። ዘፋኝ የለበትም። ባንድም የለበትም። አኮርዲዮኑን፣ ሙግ ሲንተሳይዘሩንና ኤሌክትሪክ ፒያኖውን ራሱ ተጫወተ፤ ከበሮውን ለድራም ማሽን ተወለት። ከዚያ ዝም። ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ ባሕር ዳር ላይ ካሴቱን አገኘና እ.አ.አ. በ2013 በራሱ የሙዚቃ አሳታሚ ድርጅት እንደገና አሳተመው። ዓለም ጉድ አለ። አሁን ሁላችንም «ትዝታዬ» እያልን እንለጥፈዋለን። ጥያቄዬ፦ ይሄ ናፍቆት የኛ ነው ወይስ ፈረንጅ ሲያጨበጭብ አይተን ያጨበጨብነው? (አንቱ ልለው አስቤ ነበር። አርቲስት የሁሉም ነው ብዬ ተውኩት።)

ካሴት ሰብሳቢ፦ ረሳነው። ይሄ ምን ክርክር አለው? ዛሬ ልጆች መኝታ ቤታቸው ቁጭ ብለው በላፕቶፕ የሚሠሩትን ሰውዬው ያኔ ብቻውን ሠርቶታል። እኛ ግን ሽፋኑ ላይ የዘፋኝ ፎቶ ከሌለ ካሴት አንገዛም ነበር። እኔ ካሴቱ አለኝ፣ ኮፒ ሳይሆን የታተመው። በነገራችን ላይ አልሸጥም፤ በውስጥ መስመር አትጠይቁኝ።

የሠርግ ቤት ኦርጋኒስት፦ ቆይ፣ ቆይ። እኔ ለዓመታት በየሠርጉ ኦርጋን የተጫወትኩ ሰው ነኝ። ስንሰደብ ነው የኖርነው። «ትራምፔቱንና ሳክስፎኑን የገደለው ኦርጋን ነው፣ አንድ ሰው በአንድ ኪቦርድ ባንድ ልሁን አለ፣ ሙዚቃችን ፕላስቲክ ሆነ» ተባልን። እዚሁ ግሩፕ ውስጥ ይሄን የጻፋችሁ አላችሁ፤ ስም አልጠራም። ታዲያ ኃይሉ ምን አደረገ? አንድ ሰው፣ አንድ ማሽን! ለኛ ሲሆን ድህነት፣ ለሱ ሲሆን ሙከራ?

ካሴት ሰብሳቢ፦ ልዩነት አለዋ። ሠርግ ላይ ኦርጋኑ ሙሉ ባንድ ለመምሰል ነው የሚታገለው። ኃይሉ ማሽኑን ማሽን አድርጎ ተወው። እስቲ ኢርፎን አድርገህ ስማው። ከበሮው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይዛነፍ ትክ ትክ ይላል። አኮርዲዮኑ ግን ይተነፍሳል። ወናፉ ሲሳብ ድምፁ ይወፍራል፤ ሊያልቅ ሲል ይሰልላል። ቅኝቱ የሀገር ቤት፣ ሰዓቱ የፋብሪካ። ሁለቱ አይታረቁም። እኔን የሚይዘኝ እዚያ ጋ ነው።

የሠርግ ቤት ኦርጋኒስት፦ አነጋገርህ ያምራል። ግን ሰው ስላጣ ነው እንጂ ድራመር ቢያገኝ ማሽን ምን ያደርግለታል?

ካሴት ሰብሳቢ፦ ሰው አላጣም። አብረውት አሜሪካ ከቀሩት የዋሊያስ ልጆች ጋር ዙላ የሚባል ባንድ ነበራቸው። ብቻውን የሠራው ፈልጎ ነው። በልጅነቱ የተማረው አኮርዲዮን በኦርጋን ተተክቶ ከመድረክ ጠፍቶ ነበር፤ እሱን ድምፅ ለመመለስ ነው የሠራው። የሚገርመው የመለሰው አኮርዲዮኑን በተካው በዚያው በኦርጋን ዘመድ መሣሪያዎች ታጅቦ ነው።

የሠርግ ቤት ኦርጋኒስት፦ ይቺን አላውቅም ነበር። ስድቡን ግን አልረሳሁም።

ዘግይቼ መጣሁ፦ ግራ ገባኝ። ዋሊያስ «ቼ በለው» የሚለውን አልበም ያወጣው በ1977 አይደል? በ77 እንዴት ብሎ ዋሽንግተን ተገኘ?

አስጀማሪ፦ 77 በማን? «ቼ በለው» በፈረንጅ 1977 ነው፤ በኛ 69 ወይ 70። ካሴቱ በፈረንጅ 1985፣ በኛ 77። በመካከሉ በፈረንጅ 1981 ዋሊያስ ለኮንሰርት አሜሪካ ሄደ። ገሚሱ ተመለሰ፤ ኃይሉን ጨምሮ ጥቂቶቹ እዚያው ቀሩ። ከአሁን ወዲህ «በኛ» ወይ «በፈረንጅ» ሳትሉ ዓመት የምትጽፉትን አጠፋዋለሁ።

ወሎዬ፦ እኔ የነቃሁት ቁጥሩን ስታነሱ ነው። በኛ 77 እኮ ነው ጎበዝ! የድርቁ ዓመት። እናቴ ስለዚያ ዓመት ስታወራ ዘፈን የሚባል ነገር አፏ ላይ አይመጣም። ማን ከቤት እንደወጣ፣ ማን እንደተመለሰ ነው የምታወራው። በዚያ ዓመት አኮርዲዮንና ድራም ማሽን አልሰማችሁም ብሎ ሰው መውቀስ ይከብዳል።

ካሴት ሰብሳቢ፦ እሱስ እውነት ነው። ግን አዲስ አበባ ሙዚቃ አልቆመም። በደርግ ጊዜ ዋሊያስ ሂልተን ሲጫወት ሰዓት እላፊ ስለነበር የገባ ሰው እስኪነጋ አይወጣም ነበር። እስኪነጋ የሚጨፈርበት ከተማ ነው።

ወሎዬ፦ ሂልተን የሚገባው ስንቱ ነው? አባቴ ሂልተንን የሚያውቀው በአጥሩ ነው።

የመካኒሳዋ፦ እኔ ትናንት ይሄን ክርክር ለአባቴ አነበብኩለት። «አባዬ፣ ኃይሉ መርጊያን ታውቀዋለህ?» አልኩት። «የለም» አለ። ዝም ብዬ የዋሊያስን የኦርጋን ሙዚቃ ከፈትኩ። ሠላሳ ሰከንድ አልሞላም፤ «ይሄማ የዜና መጠበቂያው ነው!» አለና ቀና ብሎ የግድግዳውን ሰዓት አየ። እውነቴን ነው፣ ሰዓት አየ። ዜናው ሊጀምር መሰለው። ሙዚቃው ሰውነቱ ውስጥ አለ፤ ስሙን ግን ማንም ነግሮት አያውቅም። ዘፋኝ ሲሆን «ቀጥሎ እገሌን እናሰማችኋለን» ይባላል። ሙዚቃ ብቻ ሲሆን ክፍተት መሙያ ነው፤ ጋዜጠኛው ወረቀቱን እስኪያስተካክል። እና እኔ አልረሳነውም ባይ ነኝ። ስም አልባ አድርገን ነው ያስቀመጥነው።

ካሴት ሰብሳቢ፦ ሰዓት አየ?! ሞትኩ።

ግጥም ወዳድ፦ ሬዲዮ ላይ አታሳቡ። የኛ ጆሮ ነው ቃል የሚፈልገው። ዘፈን ሰምተን «ምን አለ?» እንላለን እንጂ «ምን ተጫወተ?» አንልም። ሰምና ወርቁን ፈልቅቀን ካላወጣን የሰማን አይመስለንም። ኃይሉ ምን ይሁን ታዲያ? ወርቁን ጣት ላይ አድርጎ ለጆሮ ሰጠን።

የሠርግ ቤት ኦርጋኒስት፦ ጌታቸው መኩሪያስ? በሳክስፎን ሲሸልል ማን ቃል ፈለገ?

ግጥም ወዳድ፦ ሽለላ እኮ ነው! ቃሉን ሁሉም ሰው በልቡ ይዞታል። ሳክስፎኑ ሲያጓራ አንተ ውስጥህ እየፎከርክ ነው። ድራም ማሽን ላይ ምን ብለህ ትፎክራለህ?

ሾፌሩ ከቨርጂኒያ፦ ልጆች፣ ሰላም ናችሁ? እኔም እንደ ኃይሉ ዋሽንግተን አጠገብ ባለው ደለስ ኤርፖርት ታክሲ ነድቻለሁ። ሁልጊዜ ስለ እሱ «ታክሲ ነጂው ሊቅ ተገኘ» እየተባለ ሲጻፍ ይከነክነኛል። ጠፍቶ ነበር እንዴ? ፈረንጁ ስልክ ቁጥሩን ኢንተርኔት ላይ ፈልጎ ደወለለት፤ አነሳው። በቃ። የጠፋ ሰው ስልክ ያነሳል? የኤርፖርት ወረፋ አታውቁትም መቼም። ሁለት ሰዓት፣ ሦስት ሰዓት ቁጭ ነው። እኛ እንተኛለን፣ ካርታ እንጫወታለን፣ ስለ ሀገር ፖለቲካ እንጣላለን። እሱ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ ከመኪናው ኋላ አውጥቶ ወንበሩ ላይ ሆኖ ይለማመድ እንደነበር ለጋዜጠኞች ተናግሯል። እንግዲህ የረሳው ማን እንደሆነ እናንተ ፍረዱ። እሱ ሙዚቃውን አልረሳም። ደግሞ ታክሲ መንዳት ውርደት አይደለም፤ ልጆች አሳድገንበታል።

አስጀማሪ፦ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። «ተገኘ» የምትለዋን ቃል ከዛሬ ጀምሮ እተዋለሁ።

የሕግ ተማሪ፦ ስለ ብር ማንም አላነሳ! ፈረንጁ ደውሎ አስፈቀደ፤ ትርፉንም ከሙዚቀኞቹ ጋር እኩል እንደሚካፈል በይፋ ይናገራል። እኛስ? ባዶ ካሴት ይዘን ካሴት ቤት እንሄድ ነበር፤ የፈለግነውን ይቀዱልናል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የወጣው በ1996 ነው፣ በኛ። ካሴቱ ከወጣ ከ19 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ናፍቆታችሁን ቢያስከፍሉት ኖሮ ስንቶቻችሁ ትናፍቁ ነበር?

የሠርግ ቤት ኦርጋኒስት፦ ይሄ የሕግ ተማሪ አፍ ነው። ባይቀዳ ኖሮ ግማሹ የድሮ ሙዚቃ ከአዲስ አበባ ባልወጣ። እኔ ኦርጋን የተማርኩት ከተቀዳ ካሴት ነው። ገዝተህ ስማ ብትለኝ ዛሬም አልችልበትም ነበር።

የሕግ ተማሪ፦ እሺ፣ ያኔ ሕግ አልነበረም እንበል። በ2018 ግን፣ በፈረንጅ፣ ኃይሉ «ላላ በሉ» የሚባል አዲስ አልበም አወጣ። በሕይወት ያለ ሰው፣ አዲስ ሥራ። እዚህ ከተሰበሰብነው ስንቶቻችን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰማነው? እጅ አውጡ።

ዘግይቼ መጣሁ፦ እኔ አልሰማሁም።

ግጥም ወዳድ፦ ሦስቱን ሰምቻለሁ። ወይ ሁለቱን።

የመካኒሳዋ፦ እኔ ሰምቻለሁ፤ ግን ፈረንጅ የጻፈውን አንብቤ ነው የገባሁበት። አልዋሽም።

የሕግ ተማሪ፦ ሰብሳቢው ለምን ዝም አለ? አንተ አይደለህ ረሳን እያልክ ስታስለቅሰን የዋልከው። እስቲ ያቺን የማትሸጣትን ካሴት ፎቶ አንስተህ አሳየን።

ካሴት ሰብሳቢ፦ አነሳሁ። ይኸው።

የመካኒሳዋ፦ ከላይ ቀዳዳዎቹ ላይ የተጠቀጠቀው ነጭ ነገር ምንድን ነው? ወረቀት?

የሠርግ ቤት ኦርጋኒስት፦ ሃሃሃ! ወረቀት ነው። የታተመ ካሴት ላይ ደግሞ ለመቅዳት ቀዳዳውን መድፈን ነበረብህ። ሰብስቤ፣ አንድ ሰው በላዩ ላይ ቀድቶበታል ማለት ነው?

ካሴት ሰብሳቢ፦ ጎን ቢ ላይ ብቻ። አንድ ዘፈን እንዳለቀ ቀጭ ይልና አንድ ልጅ ሀ ሁ ሂ ሃ ይቆጥራል። እስከ መጨረሻው።

ወሎዬ፦ ከማን ገዝተኸው ነው?

ካሴት ሰብሳቢ፦ አልገዛሁትም፣ ቤታችን ነው የነበረው። ልጁም እኔ ነኝ። አባቴ ነው የቀዳኝ፤ «ረ» ላይ ስሳሳት ሲስቅ ይሰማል።

አስጀማሪ፦ ጎን ኤን ላክልን። ቢንም አብረህ።