የሳቅ ምሽት ዕቅድ፦ ምን እናሳይ? ማን ከማን ጎን ይቀመጥ?

ጸሐፊ፦
ጤና ይስጥልን ወገኖቼ። ባለፈው ስብሰባ እንደተባባልነው፣ በእንቁጣጣሽ ሰሞን የድሮ የቴሌቪዥን ኮሜዲ አብረን የምናይበት አንድ ምሽት እናዘጋጅ። ለማኅበራችን ሥራ አስፈጻሚ የሚቀርበውን ሐሳብ እዚሁ ተጋግዘን እንጻፈው።

መነሻ እንዲሆን የራሴን ላውራ። አዲስ አበባ ያደግኩበት ግቢ ውስጥ ቴሌቪዥን የነበረው አንድ ቤት ብቻ ነው። በር ያለው የእንጨት ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ በቁልፍ ይዘጋል። ከላዩ ነጭ ዳንቴል አለ። በበዓል ማታ ኮሜዲያኖቹ ልመንህ ታደሰና አለባቸው ተካ ይቀርባሉ ከተባለ የግቢው ልጅ በሙሉ እዚያ ነው። እትዬ «ጫማ ደጅ!» ይላሉ። ደጃፉ ላይ ጫማ ይከመራል፤ ስንወጣ ግራና ቀኙን ለማግኘት ሌላ ግማሽ ሰዓት።

ከቀልዱ ብዙው ጠፍቶብኛል። አጠገቤ ማን እንደተቀመጠ ግን አልረሳሁም። ያልገባኝን በጆሮዬ ሹክ የምትለኝ ታላቅ እህቴ ነበረች። ስለዚህ ምን እናሳይ ከሚለው እኩል፣ ማን ከማን ጎን ይቀመጥ የሚለውንም እንነጋገርበት እላለሁ።

ሊቀመንበር፦
እግዜር ይስጥሽ እህቴ፣ ጥሩ ጀመርሽው። ከእኔ በኩል ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ እንዳይቀሩ። የሁለቱም ጥንዶች ነገር አንድ ነው፤ አንደኛው ሲናገር የሌላውን ፊት ነበር የምናየው። ዛሬ አለባቸውም ሀብቴም በሕይወት የሉም። ከማሳየታችን በፊት ስለ እነሱ አምስት ደቂቃ የሚናገር ሰው ይኑር። የልጆቹን ሰዓት የሚከፍትልን ደግሞ የአባባ ተስፋዬ የልጆች ፕሮግራም ቢሆን ደስ ይለኛል። ኮሜዲ አይደለም ትሉኝ ይሆናል። እኔ ግን በቴሌቪዥን መሳቅ የተማርኩት ከእሳቸው ነው።

የወጣቶች ተጠሪ፦
ጋሼ ሊቀመንበር፣ ሐሳብዎን እደግፋለሁ። ስጋቴን ግን ልናገር። እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ የተወለዱት ታናናሾቼ አማርኛ ይሰማሉ፤ «ና ብላ»፣ «ጫማህን አድርግ» ይገባቸዋል። ቀልድ ግን ሌላ ነው። አንዱን አስረድቼ ሳልጨርስ ሰዉ ስቆ ጨርሷል፤ ልጁ ብቻውን ይቀራል።

ስለዚህ ቃል የማይፈልግ አንድ ነገር እንጨምር፤ ሚስተር ቢን። እ.ኤ.አ. በ1990 መጨረሻ የወጣው ክፍል ውስጥ ቢንን የሚጫወተው ሮዋን አትኪንሰን መናፈሻ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ሳንድዊች ይሠራል። ዳቦውን በመቀስ ይቆርጣል። ሰላጣውን አጥቦ ካልሲው ውስጥ ከቶ እያሽከረከረ ያደርቀዋል። ቁንዶ በርበሬውን በመሐረብ ጠቅልሎ በጫማው ይደበድባል። ሻዩን የሚያፈላው ለአልጋ ማሞቂያ በሚሆን የጎማ ከረጢት ነው። አጠገቡ የተቀመጠው ሰውዬ የራሱን ሳንድዊች ይዞ ፈዞ ያየዋል። ሁሉ ነገር ሲያልቅ ቢን ያስነጥስና ልፋቱ በሙሉ ይበተናል።

ባለፈው ዓመት ይሄንን ከአያቴ ጋር አየሁት። እንግሊዝኛ አይችሉም። ሰውዬው መጨረሻ ላይ ከራሱ ምሳ ለቢን ሲያካፍለው «እሰይ! ሰው ማለት እንዲህ ነው» አሉ። እኔ ያንን ክፍል ከአሥር ጊዜ በላይ አይቼዋለሁ። ማካፈሉን ልብ ያልኩት ያን ቀን ነው።



የእናቶች ተወካይ፦
ልጄ፣ አያትህን ሳምልኝ። እኔ ደግሞ የዚህን አገር አንድ የድሮ ኮሜዲ አመጣለሁ። «አይ ላቭ ሉሲ»። የቸኮሌት ፋብሪካው ክፍል። እ.ኤ.አ. መስከረም 15 ቀን 1952 ነው የታየው፤ በእኛ መስከረም 5 ቀን 1945 ስለሆነ ወቅቱም ይገጥማል።

ሉሲል ቦልና ቪቪያን ቫንስ ዕቃ የሚያመላልስ ተንቀሳቃሽ ቀበቶ ፊት ቆመው ቸኮሌት ይጠቀልላሉ። አለቃቸው «አንድ እንኳ ሳይጠቀለል ካለፈ ትባረራላችሁ» ብላ ትሄዳለች። መጀመሪያ ቀላል ነው። ከዚያ ቀበቶው ይፈጥናል። አልደረስ ሲላቸው አፋቸው ውስጥ፣ ቆባቸው ውስጥ፣ ልብሳቸው ውስጥ ይከታሉ። አለቃዋ ተመልሳ ስታይ ያልተጠቀለለ ቸኮሌት የለም። ጎበዞች መስለዋት «አፍጥነው!» ብላ ትጮሃለች።

እኔ እዚህ አገር እንደመጣሁ ሁለት ዓመት የሠራሁት ዕቃ ማሸጊያ ቤት ነው፤ በቀበቶ ላይ። ጎኔ የምትቆመዋ የኤልሳልቫዶር ሴት ነበረች። ቋንቋ አንግባባም። ቀበቶው ሲፈጥን እሷ የእኔን ታነሳልኛለች፤ ሲደክማት እኔ የእሷን። ሉሲን መጀመሪያ ያየሁት ያኔ፣ ከሌሊት ሥራ ተመልሼ ነው። ብቻዬን ሶፋ ላይ ሳቅሁ፤ ከዚያ አለቀስኩ። ልጆቼ ይህንን ታሪክ አያውቁም። ክፍሉ ሲታይ እነሱ አጠገቤ ቢሆኑ እነግራቸዋለሁ። ጸሐፊያችን የመቀመጫውን ነገር ስታነሳ ልቤን የነካኝ ለዚህ ነው።

ደግሞ ባሎቹን እንዳትረሱ። ሚስቶቹ ሥራ ሲወጡ ወጥ ቤት የሚገቡት እነሱ ናቸው። ሩዙ ከድስቱ ገንፍሎ ወለሉን ያጥለቀልቀዋል። የእኛ አባቶች ይዩት።

የካሴቱ ባለቤት፦
አንድ ነገር ልጨምር። የሉሲ ፊልም ከ70 ዓመት በኋላም ጥርት ብሎ የሚታየው በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም፣ በሦስት ካሜራ፣ ተመልካች ፊት ስለተቀረጸ ነው። ሉሲልና ባሏ ዴዚ አርናዝ ፊልሙን በራሳቸው ኩባንያ እጅ አስቀሩት። በዚያ ዘመን ብዙ ፕሮግራም በቀጥታ ተላልፎ አየር ላይ ነው የሚቀረው። የእኛዎቹን ደግሞ ብዙ ቤት በቪኤችኤስ የቪዲዮ ካሴት ከቴሌቪዥን ላይ ቀድቶ ነው ያስቀረው።

እኔ ጋ እናቴ የቀዳችው አንድ ካሴት አለ። ጎኑ ላይ በእስክሪብቶ «የበዓል፣ እንዳይነካ» ብላ ጽፋበታለች። እንዳይቀዳበት የሚሰበረውን ትንሽ ፕላስቲክ ሰብራው ነበር። ያም ሆኖ የአጎቴ ሠርግ ጊዜ ባዶ ካሴት ሲጠፋ አንድ ሰው በፕላስተር ሸፍኖ ቀዳበት። የመጀመሪያው ሃያ ደቂቃ ሠርግ ነው። ከዚያ ሙሽራዋ ኬክ ልትቆርስ ስትል ድንገት ኮሜዲው መሐል ትገባላችሁ።

ሌላው ችግር የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ያኔ ይጠቀም የነበረው የምስል ሥርዓት ፓል የሚባለው መሆኑ ነው፤ 625 መስመር፣ በሰከንድ 25 ምስል። የአሜሪካው ኤንቲኤስሲ የሚባለው ነበር፤ 525 መስመር፣ ወደ 30 ምስል። እዚህ የተገዛ ዴክ ውስጥ ብታስገቡት ምስሉ ይንከባለላል፣ ቀለሙ ይጠፋል። ብዙ ሰው «ተበላሽቷል» ብሎ የጣለው ካሴት ደህና ነበር። እባካችሁ አትጣሉ! ሁሉንም የሚያነብ ዴክ አሮጌ ዕቃ ገበያ አግኝቻለሁ። አዲስ አይገኝም፤ የመጨረሻው አምራች እ.ኤ.አ. በ2016 አቁሟል። ካሴት ያላችሁ አምጡ፣ ወደ ኮምፒውተር እገለብጣለሁ። ሻጋታ ካያችሁበት ግን ቤት አታጫውቱት፤ ዴኩንም ቀጣዩን ካሴትም ያበላሻል።

ገንዘብ ያዥ፦
ሁለት ነጥብ ብቻ። ቤት ውስጥ ማየትና አዳራሽ ውስጥ ማሳየት በሕግ አንድ አይደለም፣ በነፃ ቢሆንም። ለሉሲና ለሚስተር ቢን የማሳያ ፈቃድ እንግዛ። ለኢትዮጵያዎቹ ደግሞ የ1996ቱ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 ተዋናዩንም ብሮድካስተሩንም ይጠብቃል። ለጣቢያው፣ ለባለሙያዎቹና ለቤተሰቦቻቸው ደብዳቤ እንጻፍ። መልስ ያልመጣበትን አናሳይም። የአዳራሹን ኪራይ ከዓመታዊው መዋጮ መሸፈን ይቻላል።

ጸሐፊ፦
እስካሁን ያላችሁትን እንዲህ አድርጌ ጻፍኩት፤ አስተካክሉት።

«ማኅበሩ በመስከረም የመጀመሪያው ቅዳሜ ማታ የሳቅ ምሽት እንዲያዘጋጅ እንጠይቃለን። በሚስተር ቢን ሳንድዊች ይጀመራል፤ ሁሉም እኩል ስቆ እንዲሞቅ። የሉሲ የቸኮሌት ክፍል ይከተላል። ከዕረፍትና ከቡና በኋላ፣ ፈቃድ በተገኘበት መጠን፣ የልመንህና አለባቸው፣ የደረጀና ሀብቴ ሥራዎች ሳይቆራረጡ ይታያሉ። ታዳጊዎች ከወላጅ ወይም ከአያት ጎን ይቀመጣሉ። አያት የሌለው ልጅ፣ ልጅ ሩቅ የሆነበት አዛውንት፣ እንድናገናኛቸው አስቀድመው ይመዝገቡ። ከእያንዳንዱ ክፍል በኋላ ስምንት ደቂቃ መብራት በርቶ ጎን ለጎን የተቀመጡ ይጨዋወታሉ። ካሴት ያለው ሁሉ ለቅጂ እንዲያመጣ ይጠየቃል።»

የወጣቶች ተጠሪ፦
ስምንት ደቂቃ ያንሳል። አያቴን አታውቋቸውም። አሥራ አምስት ይሁን።

ሊቀመንበር፦
አሥራ አምስት ይሁን። የእኛዎቹን ክፍሎች ቁጥር ቀነስ እናድርግና ለወሬው ቦታ እንስጥ። «ሳይቆራረጡ» የምትለዋን ደግሞ እንዳትነኳት። ዛሬ በስልክ የሚዞረው የአንድ ደቂቃ ቁራጭ ነው፤ ሳቁ የሚመጣበትን መንገድ ቆርጦ ጥሎታል።

የእናቶች ተወካይ፦
ቡናው በእኛ ነው። ጫማ ግን ደጅ አይወልቅም፤ የእትዬን ሕግ እዚህ ማን ይችለዋል፣ ያ ሁሉ ሰው!

የካሴቱ ባለቤት፦
አሁን ገልብጬ ጨረስኩ። 41 ደቂቃ ተገኝቷል። ድምፁ ትንሽ ይሰነጠቃል፣ ምስሉ ግን ደህና ነው። ከኮሜዲው ድምፅ በስተጀርባ የኛ ቤት ሰው ሳቅ ይሰማል መስሎኝ ነበር፤ ለካ ካሴቱ የቴሌቪዥኑን እንጂ የክፍሉን ድምፅ አይቀዳም። ለእናቴ ደውዬ ነገርኳት። «እኔ አለሁ አይደል፣ የት ጋ እንደሳቅን እነግራችኋለሁ» አለች። ስሟን መዝግቡልኝ፤ ልጅ ጎኗ ይቀመጥ።

ጸሐፊ፦
የመጀመሪያዋ ተመዝጋቢ ሆነዋል። ረቡዕ ማታ ጽሑፉን አስገባለሁ።